ስለ ረቂቅ መኪናዎች መርማሪዎች ሙያ

በየገጠሩ የምታስተምሩ መምህራንና መጽሐፍ የምትመለከቱ ሽማግሌዎች ሆይ፤ በዚህ ዘመን ኮምፒዩተር የተባለው የሚያሰላ መኪና፥ ሮቦት የተባለውም እንደ ሰው እጅ የሚሠራ መኪና በዓለም ኹሉ ተሰራጭቷል። ልጆች እነዚህን የሚመረምሩ ሰዎች ሙያቸው ምን እንደ ኾነ ሲጠይቁ፥ መልሱ እንደሚከተለው ነው።

የእጅ ሥራ ዐዋቂ ከአባቱ የተማረውን ይሠራል፤ መርማሪ ግን ማንም መልሱን ያላገኘለትን ጥያቄ ይዞ እየሞከረ ይኖራል። ለዚህም አንድ ምሳሌ እንመልከት፤ ዓመታቱ ኹሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1946 በአሜሪካ አገር በፊላዴልፊያ ከተማ ለሕዝብ የተገለጠው ኤንያክ የተባለው ኮምፒዩተር፥ ክብደቱ 30 ቶን ያህል ነበረ። በውስጡም እንደ አምፑል ያሉ 18000 ያህል የብርጭቆ ቱቦዎች ነበሩበት፤ እነርሱም እየጋሉ ይቃጠሉ ነበር። በ1947 የቤል ቤተ ሙከራ ሊቃውንት ባርዲንና ብራቴን፥ በሾክሊ አለቅነት ሥር ኾነው፥ በቱቦው ፈንታ ትራንዚስተር የተባለውን ትንሽ ዕቃ አገኙ። ስለዚህም ሦስቱ በ1956 የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ።

ዳሩ ግን ሌላ ችግር ተነሣ። ትራንዚስተሩ ሲበዛ እያንዳንዱን በሽቦ መበየድ ግድ ኾነ፤ ከብዙ ሺሕ ብየዳም አንዱ ቢላላ መኪናው ይበላሻል።

መልሱን ካገኙት አንዱ ጃክ ኪልቢ ነው። ይህ ሰው በወጣትነቱ ኤም አይ ቲ ወደተባለው ዕውቅ ትምህርት ቤት ለመግባት ተፈትኖ በጥቂት ነጥብ ወደቀ። ነገር ግን ተስፋ ሳይቈርጥ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተማረ፤ በኋላም በሚልዎኪ ከተማ 10 ዓመት ያህል እየሠራ ኹለተኛ ዲግሪውን ጨረሰ። በ1958 ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ወደሚባለው ኩባንያ ገባ። በጁላይ ወር ባልንጀሮቹ ለዕረፍት ሲኼዱ፥ እርሱ አዲስ ገቢ ስለ ኾነ ፈቃድ አልነበረውምና በሥራ ቤቱ ቀረ። በዚያም ጊዜ ክፍሎቹን ለየብቻ ሠርቶ ከመበየድ ይልቅ ኹሉን ከአንድ ቍራጭ ማዕድን ላይ አብሮ መሥራት እንደሚቻል ዐሰበ፤ በሴፕቴምበር 12 ቀንም ሠርቶ ለአለቆቹ አሳየ። በ1959 ደግሞ በካሊፎርኒያ የነበረው ሮበርት ኖይስ፥ ከአሸዋ በሚገኘው በሲሊኮን በፋብሪካ ለማብዛት የሚመች አድርጎ ዐቀደው። ኪልቢ የኖቤልን ሽልማት ያገኘው በ2000 ነው፤ ይኸውም ከ42 ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ ጥፍር በምታህል ቍራጭ ላይ ብዙ ቢሊዮን ትራንዚስተር ይሠራል፤ የሮቦትም እጅ የሚታዘዘው በዚሁ ነው።

ወደዚህ ሙያ የሚገባ ልጅ አስቀድሞ ሒሳብን፥ ፊዚክስንና ኬሚስትሪን ጠንቅቆ ይማራል። ከዚያም በዩኒቨርሲቲ፥ ብዙ ጊዜም እስከ ዶክተርነት ድረስ፥ ብዙ ዓመት ይቈያል፤ በኋላም በዩኒቨርሲቲ፥ በኩባንያ ወይም በመንግሥት ቤተ ሙከራ ይሠራል። ድጓን ለመዝለቅ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ የምታውቁ ሽማግሌዎች በዚህ አትደነቁም። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ የድጓ ተማሪ መምህሩ የሚያውቀውን ይቀበላል፤ መርማሪው ግን መምህሩም ያላወቀውን ይፈልጋልና፥ ብዙው ሙከራው ፍሬ ሳያገኝ ይቀራል። ይህንንም ሥራ ፈትነት ነው አትበሉት።

ስለዚህ የተሰበረ ራዲዮ ፈትቶ የሚመለከተውን ልጅ ከመቈጣታችሁ በፊት ምን እንዳየ ጠይቁት። በፈተና በጥቂት የወደቀውንም አይኾንም ብላችሁ አታሰናብቱት። ፈተና የሚመዝነው የዚያን ቀን ዕውቀት ነው እንጂ፥ ልጁ ነገ የሚደርስበትን አይደለም።