የቆሰለ እንጨት መዓዛ

ለበዓል ሽቶ የሚያበረክት ሰው አስቀድሞ የተቀባዩን ጠባይ ሊያስብ ይገባዋል፤ ይልቁንም ስጦታው ዑድ ሲሆን።

ዑድ የሚገኘው ከሕንድ አሳም እስከ ኢንዶኔዥያ ባሉ ደኖች ከሚበቅለው አኲላሪያ ከተባለ ዛፍ ነው። የጤናማው ዛፍ እንጨት ነጣ ያለና ቀላል ነው፤ መዓዛም የለውም። ግንዱ ቆስሎ ሻጋታ ሲገባበት ግን ራሱን ለመከላከል ሙጫ ያመነጫል፤ ሙጫውም በዓመታት ብዛት እንጨቱን ያጠቁረዋል፣ ያከብደዋልም። የአገራችን ዕጣንም የሚገኘው ዛፉ ሲቆስል ነው። ነገር ግን ዕጣን ከቁስሉ ወደ ውጭ ሲፈስ፣ ዑድ በእንጨቱ ውስጥ ተሰውሮ ይቀራል፤ እሳት እስኪነካውም ድረስ ምሥጢሩን አይገልጥም።

ስለዚህም ጢስ ጢስ የሚለው ይህ ሽቶ ንግግሩ ጥቂት፣ ጠባዩ የረጋ፣ ለአላፊ አግዳሚው ራሱን የማይገልጥ ሰው ይስማማዋል እንላለን። ለመታየት በሚቸኩል ሰው ላይ ግን ይከብዳል፤ ባለቤቱ ሳይገባ ሽቶው ቀድሞ ይገባልና። አስቀድሞ በሌሊት የመጣው ኒቆዲሞስ ለጌታ ቀብር ከከርቤ ጋር ያመጣው እሬት ይኸው እንጨት ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ። እውነት ከሆነ፣ መዓዛው ለአምጪው እንዴት ተስማምቶታል!

በዐረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ዑድ የሚታጠነው በግብዣው ፍጻሜ ነው፤ እንግዳውም ልብሱን አጥኖ ይሰናበታል። በዚያ ሠርተው የተመለሱ እኅቶቻችን ይህን ያውቁታል።

ሙጫ የያዘው ዛፍ ከውጭ በቀላሉ ስለማይለይ ባዶዎቹም አብረው ተቆርጠዋል። በዚህም ምክንያት የአንዱ ዝርያ ንግድ እ.ኤ.አ. ከ1995፣ የሌሎቹም ከ2005 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ውሏል። ዘይቱ ውድ ነው፤ ለዝምተኛው ወዳጃችን ግን ከጆሮ ግርጌ አንዲት ጠብታ ትበቃዋለች።