የድድ ሕመምና የባክቴሪያዎች ማኅበር

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ዘወትር የምንጠቅሰው ኅብረትን ለማመስገን ነው። ይሁን እንጂ ኅብረት ለክፉም እንደሚያገለግል ለማየት የሚሻ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ የገዛ አፉን ቢመረምር ይበቃዋል። እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ሕክምና መጻፋችን ሊያስገርም ይችላል፤ ነገር ግን ድድ የሌለው ፋኩልቲ የለም።

ሆላንዳዊው አንቶኒ ቫን ሌዌንሁክ በ1683 እ.ኤ.አ. ከጥርሱ ላይ የፋቀውን ነጭ ነገር ራሱ በሠራው አጉሊ መነጽር ተመልክቶ፣ በውስጡ የሚንቀሳቀሱ ረቂቃን ፍጥረታት ማየቱን ለሎንዶኑ ሮያል ሶሳይቲ ጻፈ። ዛሬ በሰዎች አፍ ውስጥ ከ700 የሚበልጡ የባክቴሪያ ዓይነቶች እንደሚገኙ ታውቋል። የሚበዙት ጉዳት የላቸውም። ታዲያ ሕመሙ ከወዴት ይመጣል?

ነገሩ እንዲህ ነው። በታጠበ ጥርስ ላይ አስቀድመው የሚሰፍሩት ስትሬፕቶኮከስ የሚባሉት ናቸው። እነርሱ በአካባቢው ያለውን ኦክሲጅን ሲያሟጥጡ፣ ኦክሲጅን ለማይስማማቸው ዘሮች ቤት ያሰናዳሉ። ቀጥሎ ፉሶባክቴሪየም የተባለው ዘንግ መሳይ ባክቴሪያ ይመጣል፤ ይህም ከፊተኞቹም ከኋለኞቹም ጋር ሊጣበቅ ስለሚችል እንደ ድልድይ ያገለግላል። በመጨረሻ እነ ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስና ትሬፖኔማ ዴንቲኮላ በጥርስና በድድ መካከል ይገባሉ። እነዚህ ሁለቱ ይረዳዳሉ፤ አንደኛው የሚያስወጣው አሲድ ሁለተኛውን ያሳድጋል፣ ሁለተኛውም በፈንታው ለአንደኛው የሚበጅ ሌላ አሲድ ይሰጣል። ለአንዱ ትርፍ የሆነው ለሌላው ስንቅ ነው ማለት ነው።

ሰውነት ይህን ሲያውቅ ይከላከላል፤ ድዱም ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይደማል። ነገር ግን ፖርፊሮሞናስ የሚያስፈልገውን ብረት የሚያገኘው ከደም ስለ ሆነ፣ የደማ ድድ ለእርሱ ማዕድ ይሆንለታል። ጠቡ ሲራዘምም የሰውነት መከላከያ ራሱ ጥርስን የያዘውን አጥንት ይጎዳል።

በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ በአይጦች ላይ የተደረገ ምርምር የኅብረቱን ኃይል በግልጥ አሳይቷል። ፖርፊሮሞናስ በቍጥር ጥቂት ሆኖ ሳለ የቀሩትን ባክቴሪያዎች አብዝቶ አጥንት እንዲጠፋ አደረገ፤ ሌላ ባክቴሪያ ፈጽሞ በሌለባቸው አይጦች አፍ ብቻውን ሲገባ ግን አጥንቱን አልጎዳም። እንግዲህ ጥፋቱ የአንድ ወንበዴ ሳይሆን የመላው ማኅበር ነው።

ማኅበሩን መበተን ይቻላልን? በዴንማርክ አገር በኦርሁስ ከተማ ሃራልድ ሎ እና ባልደረቦቹ በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ይመልሳል። ድዳቸው ጤናማ የሆነ 12 ሰዎች፣ አብዛኞቹም እንደ እኛው ተማሪዎች፣ ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ ተደረገ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ማጽዳት ሲጀምሩ ግን በሳምንት ያህል ጊዜ ዳኑ።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት አለ። ብዙዎቻችን ድዳችን ሲደማ «ቈሰለ» ብለን ብሩሹን ወይም መፋቂያውን እናስቀምጣለን። ይህ ግን ለማኅበሩ የመሰብሰቢያ ጊዜ መስጠት ነው። የሚደማው ድድ በርጋታ፣ ግን ሳይታለፍ፣ በየቀኑ እስከ ጥርሱ ሥርና እስከ መካከሉ መጽዳት አለበት። ሽፋኑ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ብሩሽ አያነሣውምና ወደ ጥርስ ሐኪም መሄድ ይገባል፤ ደሙ የማያቆም ከሆነም እንዲሁ። የተቆጣ ድድ ይድናል፤ የጠፋ አጥንት ግን በራሱ ተመልሶ አይበቅልም። ስለዚህ ደሙን ስናይ ገና ጊዜ ሳለ የተላከልን ማስጠንቀቂያ ነው ብለን እንቀበለው።