ከተዋናይነት ወደ ፕሮዲዩሰርነት፦ የ«ድፍረት» ፊልም ያልተዘጋ ጥያቄ

ነሐሴ 28 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ዘመን ሊለወጥ ቀናት ሲቀሩት፣ «ድፍረት» የተሰኘውን ፊልም ለማየት የተጠሩ እንግዶች አዲስ አበባ ላይ ቦታ ቦታቸውን ይዘው ነበር። ፊልሙ ሊጀምር ሲል የፍርድ ቤት እግድ ደረሰ። ዳይሬክተሩ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪም መድረክ ላይ ወጥቶ ዝግጅቱ መታገዱን ተናገረ። በዚያው ዓመት ጥር ላይ በአሜሪካው ሰንዳንስ ፌስቲቫል፣ በየካቲት ደግሞ በርሊን ላይ የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘው ፊልም በገዛ አገሩ ሊታይ ሳይችል ቀረ። ከፕሮዲዩሰሮቹ ስም መካከል ዓለም የሚያውቀው የአንጀሊና ጆሊ ስም ነበረበት። እግዱን ያስወጣችው አበራሽ በቀለ ናት። የተሠራው የእኔ ታሪክ ነው፣ እኔን ግን ማንም አላስፈቀደኝም ባይ ነበረች።

ውሎ አድሮ እግዱ ተነሣ፣ ፊልሙም ታየ። ኢትዮጵያም ለኦስካር ውድድር ላከችው። ሰዉ ስለ «ድፍረት» ሲያወራ ወይ ሽልማቱን ያነሣል፣ ወይ የጆሊን ስም። የአበራሽ አቤቱታ ግን እንደ ተራ የገንዘብ ጭቅጭቅ ተቆጥሮ ቀርቷል። ይህ ተገቢ አይመስለኝም። ከተዋናይነት ተነሥቶ ፕሮዲዩሰር መሆን ምን ዓይነት ኃላፊነት እንደሚያስከትል ከዚህ ጉዳይ የተሻለ የሚያሳየን የለም።

ጆሊን የእኔ ዘመን ሰው መጀመሪያ ያወቃት በሁለት እጇ ሽጉጥ ይዛ ስትዘል ነው። ከዚያ በፊት፣ በ1992 ዓ.ም.፣ በአእምሮ ሕክምና ተቋም ውስጥ ያለች ወጣት ሆና በሠራችበት ፊልም በረዳት ተዋናይነት ኦስካር ወስዳለች። የሽጉጡ ፊልም ከፊሉ የተቀረጸው ካምቦዲያ ነበር። እዚያ ያየችው ነገር ወደ ስደተኞች ጉዳይ አመጣት፤ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን የበጎ ፈቃድ አምባሳደርም ሆነች። በ1997 ዓ.ም. ኢትዮጵያዊት ሕፃን በጉዲፈቻ ወሰደች፤ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በቦስኒያ ጦርነት ላይ የሚያጠነጥን ፊልም ጽፋ አዘጋጀች። ሌላ ሰው የጻፈላትን የምትጫወት ሴት፣ የትኛው ታሪክ እንደሚነገር የምትወስን ሴት የሆነችው በዚህ መንገድ ነው።

በ«ድፍረት» ላይ የነበራት ድርሻ ግን ተለይቶ ሊታወቅ ይገባል። ሥራ አስፈጻሚ ፕሮዲዩሰር ተብላ የገባችው ፊልሙ ካለቀ በኋላ ነው። የዚህ ማዕረግ ባለቤት ካሜራ ጀርባ ላይቆም ይችላል። በስሙ በር ያስከፍታል፣ አከፋፋይ ያመጣል፣ የጋዜጠኛን ዓይን ይስባል። ዋናውን ሸክም የተሸከመችው በሙያዋ ሐኪም የሆነችው ምሕረት ማንደፍሮ ናት። በዲጂታል ካሜራ መሥራት ሲቻል ፊልሙ በ35 ሚሊ ሜትር ነው የተቀረጸው። ያ ደግሞ ከጥሬ ፊልሙ እስከ እጥበቱ ገንዘብ የሚበላ ሥራ ነው፤ ያንን ገንዘብ ከየትም ብሎ ማምጣት የፕሮዲዩሰር ዕዳ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አርሲ ውስጥ የ14 ዓመቷ አበራሽ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረሰኞች ተጠለፈች፣ ተደፈረች። ለማምለጥ ስትሮጥ ደረሱባት፤ በጠላፊው ጠመንጃም ተኩሳ ገደለችው። በነፍስ ግድያ ስትከሰስ የቆመላት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊና ጓደኞቻቸው ያቋቋሙት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነው። ፍርድ ቤቱ ራሷን መከላከሏን ተቀብሎ በነፃ አሰናበታት። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ክሱ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር። ከዚያ በኋላ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ የሴቶችን የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ አደረገው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ ጋብቻ ጠላፊውን ከቅጣት እንዳያድነው ደነገገ። ወይዘሮ መዓዛም በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደረሱ።

ከፊልሙ ውስጥ አእምሮዬ ላይ የቀረው ተኩሱ አይደለም። ሽማግሌዎቹ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው የልጅቷን ነገር የሚሸመግሉበት ክፍል ነው። ማንም አይጮኽም፤ አንዱ ሲናገር ሌላው በጨዋ ደንብ ያዳምጣል። የልጅቷ አባትም ተነሥቶ የልቡን ይናገራል። የሚነገርባት ልጅ ግን እዚያ የለችም። ዳይሬክተሩ ሽማግሌዎቹን ክፉ አድርጎ አልሣላቸውም፤ ክፍሉን የሚያስፈራውም ይኸው ነው። ሁሉም የሚያውቁት ሥርዓት ነው፣ ሥርዓቱም እሷን አይጠይቃትም።

እንግዲህ የአበራሽን አቤቱታ ከዚህ ክፍል አጠገብ አኑሩት። በፊልሙ ውስጥ ጠበቃዋ፣ ሜሮን ጌትነት የተጫወተቻት፣ መዓዛ አሸናፊ በእውነተኛ ስሟ ትጠራለች። ትዝታ ሀገሬ የተጫወተቻት ልጅ ግን ሂሩት ተብላለች። ስም መለወጥ አንዳንዴ ባለታሪክን ለመከለል ይጠቅማል፤ ያንን አልክድም። ነገር ግን አበራሽ በሕይወት አለች፣ ታሪኳም ከፊልሙ አስቀድሞ በውጭ ዘጋቢ ፊልም ሳይቀር ታውቋል። አልሸሸገችም። ስለ እሷ ሌሎች ተቀምጠው ሲመክሩ እሷ ያልተጠራችበት ሁለተኛው ሸንጎ ይህ ፊልም ሆነባት። ፊልሙ ያስገኘውን ጥቅም ሳልዘነጋ ነው ይህን የምለው፤ ሴት ልጅ ላላቸው ወላጆች ሁሉ እንዲታይ የምመኘው ፊልም ነው።

ጆሊን በዚህ ልንወቅሳት አንችልም፤ ስትመጣ ሁሉም አልቆ ነበር። ይልቅስ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም.፣ ካምቦዲያ ላይ ያደረገችውን እንይ። በክመር ሩዥ ዘመን በሕፃንነቷ መከራውን ያየችውን የሉንግ ኡንግን ታሪክ ስትሠራ ድርሰቱን ከራሷ ከሉንግ ኡንግ ጋር ሆና ጻፈች። ፊልሙ በአገሬው ቋንቋ፣ በአገሬው ተዋንያን ተሠራ፤ ከዚያ ዘመን የተረፈው ካምቦዲያዊው ዳይሬክተር ሪቲ ፓን ከፕሮዲዩሰሮቹ አንዱ ሆነ። ባለታሪኳ ከመጀመሪያው ገጽ አንሥቶ በጠረጴዛው ዙሪያ ነበረች። የሌላ ሰው ሕይወት ለብሶ መታየት ምን ያህል እንደሚከብድ ተዋናይት ታውቃለች፤ ስለዚህም ፕሮዲዩሰር ስትሆን «ባለቤቲቱ ተጠይቃለች ወይ?» ለማለት ከማንም በላይ ቅርብ ናት ብዬ አምናለሁ።

በአገራችንም ከካሜራ ፊት ተነሥተው ወደ ውሳኔው ወንበር የሚሄዱ ሴቶች አሉ። አምለሰት ሙጬ በሞዴልነትና በተዋናይነት ከታወቀች በኋላ የመርካቶዋን ወጣት ሯጭ ታሪክ «ምን አለሽ?» ብላ ጽፋ አዘጋጅታለች። ሌሎችም ይመጣሉ። እኔ የምመኘው አንዷ ወደ እኛ አገር እንድትመጣ ነው፤ ወሎ ውስጥ ወዳሉት ሐይቅና አምባሰል።

በእኛ በኩል ከጠለፋ ይልቅ የሚበዛው ያለ ዕድሜ ጋብቻ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንደሚያሳየው ከ25 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው የአማራ ክልል ሴቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 17 ዓመት ሳይሞላቸው ተድረዋል። ለቀረጻውም ቦታ አይታጣም፤ አርዲቦ ሐይቅ ከሎጎ ሐይቅ ከፍ ብሎ በተራሮች መካከል ተኝቷል፤ ውሃው በአንቋርቃ ወንዝ ወርዶ ሎጎ ይገባል። ለካሜራ ከዚህ የተሻለ ቦታ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ሙዚቃውም ቅኝቱን በስሙ ከሰየመው ከአምባሰል ሩቅ አይደለም። ግን ቦታው ማማሩ ብቻ ፊልም አይሆንም። ከወረዳው የፈቃድ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ለቡድኑ ማደሪያ፣ መሣሪያ የሚጭን መኪና፣ መብራት ስለማይታመን ጄኔሬተር፣ በአጃቢነት ለሚቆሙት የአካባቢው ሰዎች የቀን አበል፣ ሐይቁ ዳር ማሳ ላለው ገበሬ ለተረገጠበት አዝመራ ካሣ።

ፕሮዲዩሰሯ ይህን ሁሉ በበጀቷ ላይ በተርታ ትጽፋለች። የልጅነት ጋብቻዋን አፍርሳ ትምህርት ቤት የተመለሰችውን፣ ታሪኳን የምትሰጣትን የአርዲቦ ልጅ ድርሻ ከጄኔሬተሩ ኪራይ በላይ፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ ትጻፈው። ውሉንም ካሜራው ከአዲስ አበባ ሳይጫን ከልጅቷ ጋር ቁጭ ብላ ትፈራረም።