ስለ ሳይንስ ልብ ወለድ ጉባኤና ስለ ተጋባዡ ደራሲ

ደራሲ በእንግድነት ሲጠራ በአገራችን የሚጠብቀው የታወቀ ነው፤ ይኸውም ከፍ ያለ መድረክ፣ ረዥም የመክፈቻ ንግግር፣ በመጨረሻም «ለጥያቄ አምስት ደቂቃ አለን» የሚል ቃል ነው። በውጭ አገር የሳይንስ ልብ ወለድ አንባቢዎች የሚያደርጉት ትንሽ ጉባኤ ግን በሌላ ሥርዓት የሚሄድ ስለ ሆነ፣ እኛ የወልድያ ተማሪዎች ብናውቀው ይጠቅመናል።

የሳይንስ ልብ ወለድ ማለት «ይህ ዕውቀት ቢገኝ የሰው ኑሮ ምን ይሆናል?» ብሎ የሚጠይቅ ታሪክ ነው። ለአማርኛም እንግዳ አይደለም፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በዚሁ መንገድ ሄዶ ብዙ ወጣት አንባቢ አግኝቷል።

ጉባኤው የተወለደው ይህን ከመሰለ መጽሔት ነው። አንባቢዎች በደብዳቤ ተዋወቁ፤ ቀጥሎም በማባዣ መኪና የራሳቸውን ትናንሽ መጽሔቶች አወጡ፤ በመጨረሻም «እስቲ ዓይን ለዓይን እንተያይ» ተባባሉ። በጃንዋሪ 3 ቀን 1937 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ የተሰበሰቡት ከሃያ አይበልጡም ነበር። ከእነርሱ አንዱ የ19 ዓመቱ አርተር ክላርክ ነው። ይህ ወጣት በ1945 (እ.ኤ.አ.)፣ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚዞሩ ጣቢያዎች የሬዲዮ መልእክት ለዓለም ሊያቀብሉ እንደሚችሉ ጻፈ። ዛሬ በመርሳ ከተማ በቤት ጣሪያ ላይ የተተከለው ዲሽ የሚያየው በዚያው ከፍታ ያለውን ሳተላይት ነው።

በ1939 (እ.ኤ.አ.) በኒውዮርክ በተደረገው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ጉባኤ 200 ያህል ሰው ተገኘ። የክብር እንግዳው ደራሲ ሳይሆን የመጽሔት ሽፋን ሠዓሊው ፍራንክ ፖል ነበር። ነገር ግን አዘጋጆቹ በክርክር ተቀያይመው ስድስት ወጣቶችን ከበር መለሱ። ከተመላሾቹ አንዱ ዶናልድ ዎልሃይም ኋላ የታወቀ አሳታሚ ሆነ። ማኅበር ያለው ሁሉ ይህን ልብ ይበል፤ በር መዝጋት ቀላል ነው፤ የተዘጋበት ሰው ግን ማን እንደሚሆን አይታወቅም።

በትንሹ ጉባኤ የእንግዳው አኗኗር እንዲህ ነው። አዘጋጆቹ ያለ ደመወዝ ያገለግላሉ፤ ወጪው ተሰብሳቢዎች ከሚያዋጡት የመመዝገቢያ ገንዘብ ይሸፈናል። ለደራሲው መጓጓዣውን፣ መኝታውንና ምግቡን ይችሉለታል፤ የንግግር ዋጋ ግን አብዛኛውን ጊዜ የለም። እርሱም አንድ ንግግር ያደርጋል፤ ከሥራው ያነባል፤ ከሌሎች ጋር ተቀምጦ ይከራከራል፤ በመጻሕፍት ላይ ይፈርማል። ዋናው ነገር ግን ከፕሮግራሙ ውጭ ነው፤ በምሳና በሻይ ሰዓት መጽሐፉን ደጋግሞ ያነበበ ወጣት አጠገቡ ተቀምጦ «በዚህ ምዕራፍ ሒሳቡ አይሠራም» ይለዋል። ደራሲው በዚህ አይከፋም፤ ክብሩ መነበቡ ነውና።

ይህ ለወሎ ሰው አዲስ ሊሆን አይገባውም። በዋድላ የቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርማል። እንግዳን አስቀምጦ ከአቦል እስከ በረካ መጠየቅም የቤታችን ልማድ ነው። የጎደለን ሁለቱን ማገናኘት ብቻ ነው።

ጉዳዩ የመዝናኛ ብቻ አይደለም። ወልድያ በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የጦርነት መከራ አይታለች። ትናንት የፈረሰውን መቁጠር ተገቢ ነው፤ ነገን የሚያስብ ትውልድ ግን ከቆጠራ አልፎ መጠየቅ አለበት። ከአዋሽ እስከ ሐራ ገበያ የታቀደው ባቡር አንድ ቀን ሲያፏጭ የሐብሩ ገበሬ ብርቱካኑን ለማን ይሸጣል? የመርሳ ልጅስ ወዴት ይሄዳል? ይህን እኛ ካልጻፍነው ሌላ ሰው ይጽፍልናል።

ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። አንድ ክፍል፣ ሃያ አንባቢ፣ አስቀድሞ የተነበበ አንድ መጽሐፍና አንድ ደራሲ ይበቃሉ። መድረኩ ይቅር፤ ወንበሮቹ በክብ ይደርደሩ፤ በሩም ክፍት ይሁን።