ባሕር ዳር ከተማ እግር ኳስ ክለብ

ባሕር ዳር ከተማ እግር ኳስ ክለብ (በቀድሞ ስሙ ባሕር ዳር ከነማ) መቀመጫውን በአማራ ክልል ዋና ከተማ በባሕር ዳር ያደረገ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ክለብ ነው። ከተማዋ በጣና ሐይቅ ዳር ስለምትገኝ ክለቡ «የጣና ሞገዶቹ» በሚል ቅጽል ስም ይታወቃል። ለብዙ ዓመታት በታችኞቹ ሊጎች ሲጫወት ቆይቶ በ2010 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ አደገ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ በማጠናቀቅ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የመሳተፍ ዕድል አገኘ።

ስያሜ

«ከነማ» የሚለው ቃል «ከተማ ነዋሪዎች ማኅበር» ከሚለው የተገኘ ምኅጻረ ቃል ነው። ደርግ በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ ነዋሪው በየቀበሌው በማኅበር እንዲደራጅ ተደረገ። ቃሉም ከዚያ ዘመን የተረፈ ነው። በስፖርቱ ዓለም ስያሜው ግልጽ ትርጉም ነበረው። በኢትዮጵያ አብዛኞቹ ክለቦች የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስ፣ የመብራት ኃይል፣ የባንክ ወይም የፋብሪካ ነበሩ። «ከነማ» የተባለው ክለብ ግን የመሥሪያ ቤት ሳይሆን የከተማው ነው ማለት ነው። የጎንደሩ ፋሲል ከነማ ስያሜውን እስካሁን ይዞ ሲቀጥል የባሕር ዳሩ ክለብ በሊጉ መዝገብ «ባሕር ዳር ከተማ» ተብሎ ይጠራል። ደጋፊው ግን ዛሬም «ከነማ» ማለቱን አልተወም።

በታችኛው ሊግ

የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ በአሁኑ ቅርጹ በ1990 ዓ.ም. ሲጀመር ባሕር ዳር በውስጡ አልነበረም። ከዚያም በኋላ ለሃያ ዓመታት ያህል ከተማዋ በላይኛው ሊግ ያልተወከለችበት ጊዜ ረጅም ነው። ይህ በእግር ኳስ ፍቅር ለምትታወቅ የክልል ዋና ከተማ ቀላል ነገር አልነበረም። ፔዳ በሚባለው ሠፈር (ስሙን ያገኘው ከቀድሞው የፔዳጎጂ አካዳሚ፣ ከዛሬው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ነው) የሚማረው በሺዎች የሚቆጠር ተማሪ ቅዳሜና እሑድ የእንግሊዝን ሊግ በየዲኤስቲቪ ቤቱ ይከታተል ነበር። በከተማው ያለው ክለብ ግን የሚጫወተው ብዙም ሰው በማያወራለት ደረጃ ላይ ነበር።

ከፕሪምየር ሊግ በታች ያለው ውድድር ከፍተኛ ሊግ ይባላል። ክለቦቹ በምድብ ተከፋፍለው ይጫወታሉ፤ የየምድቡ አንደኛ በቀጥታ ያድጋል። ሁለተኛ የወጣ ክለብ ዓመቱን ሙሉ ጥሩ ሲጫወት ቢቆይም ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ሌላ ዓመት መድገም ነው። የቴሌቪዥን ገቢ የለም፤ ጉዞው በአውቶቡስ ነው፤ ጥሩ የተጫወተ ወጣት ደግሞ ወቅቱ ሳያልቅ የላይኛው ሊግ ክለቦች ዓይን ውስጥ ይገባል። በዚህ ምክንያት ከፍተኛ ሊግ ለመውጣት አስቸጋሪ፣ ለመቆየትም ውድ የሆነ ቦታ ነው።

ባሕር ዳር ከተማ ከዚህ የወጣው በአሠልጣኝ ጳውሎስ ጌታቸው («ማንጎ») መሪነት ነው። በ2010 ዓ.ም. ምድቡን በአንደኝነት አጠናቀቀ። በዚያው ዓመት ደቡብ ፖሊስ ከሌላው ምድብ አንደኛ ሆኖ፣ ስሑል ሽረ ደግሞ በማጣሪያ ጨዋታ አልፎ አብረውት አደጉ።

ማደግና መትረፍ

በኢትዮጵያ ወደ ፕሪምየር ሊግ ያደገ ክለብ ዕጣ ሁለት ጽንፍ ያለው ነው። ጅማ አባ ጅፋር በአደገበት በ2010 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ አነሣ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ግን ወረደ። ከባሕር ዳር ጋር ያደገው ደቡብ ፖሊስ አንድ ዓመት ብቻ ቆይቶ በ2011 ዓ.ም. ተመለሰ፤ ከእሱ ጋር የወረዱት መከላከያና በ2005 ዓ.ም. ሻምፒዮን የነበረው ደደቢት ናቸው። ከሁሉም የከፋው ግን የጎንደሩ ዳሽን ቢራ ታሪክ ነው። ክለቡ በ2008 ዓ.ም. ሲወርድ ወደ ታችኛው ሊግ ሄዶ ዳግም ከመሞከር ይልቅ ጭራሹን ፈረሰ።

ይህ ከእንግሊዝ ታችኛ ሊጎች ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። አክሪንግተን ስታንሊ የተባለው የላንክሻየር ክለብ በ1962 እ.ኤ.አ. በዕዳ ምክንያት ከሊጉ ወጣ፤ በ1968 እንደገና ተቋቁሞ ከሥር ጀመረ፤ በ2006 ተመለሰ። አርባ ዓመት የፈጀበት ቢሆንም ክለቡን የሚጠብቅ ሰው አልጠፋም። በኢትዮጵያ ግን የክለብ ሕይወት በአብዛኛው በባለቤቱ በጀት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ባለቤቱ ፋብሪካ ከሆነ በአንድ የቦርድ ስብሰባ ሊዘጋ ይችላል። የከተማ አስተዳደር ከሆነ መዝጋቱ ይከብዳል፤ ነገር ግን ደመወዝ በወቅቱ መክፈልና ተጫዋች ማስፈረም የሚወሰነው በምክር ቤት በሚጸድቅ በጀት ይሆናል። ባሕር ዳር ከተማ የሁለተኛው ዓይነት ነው።

የ2011 ዓ.ም. ወቅት ክለቡ በሊጉ መቆየቱን ያረጋገጠበት ነው። በዚያ ጊዜ በአማራና በትግራይ ክልሎች መካከል የነበረው ፖለቲካዊ ውጥረት ወደ ሜዳም ገብቶ ስለነበር በሁለቱ ክልሎች ክለቦች መካከል ያሉት ጨዋታዎች የት ይደረጉ የሚለው ራሱ የድርድር ጉዳይ ሆኖ ነበር። በክረምቱ የክለቦችን ወጪ ለመገደብ የተጫዋች ደመወዝ ጣሪያ በወር 50,000 ብር እንዲሆን ተወሰነ።

በ2012 ዓ.ም. የቀድሞው የቅዱስ ጊዮርጊስ አጥቂ ፋሲል ተካልኝ አሠልጣኝ ሆነ። ውድድሩ ግን በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በመጋቢት ተቋረጠ፤ ቆይቶም ሙሉ በሙሉ ተሰረዘ። ሻምፒዮንም ወራጅም አልነበረም።

ስታዲየሙ

የክለቡ ታሪክ ከባሕር ዳር ስታዲየም ታሪክ ተነጥሎ አይታይም። ግንባታው በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የተጀመረው ይህ ስታዲየም ከ50,000 በላይ ተመልካች እንዲይዝ የታቀደና በአገሪቱ ካሉት ትልልቆቹ አንዱ ነው። ነገሩ የሚገርመው፣ ስታዲየሙ የአህጉር ጨዋታ ሲያስተናግድ የከተማው ክለብ ገና በታችኛው ሊግ መሆኑ ነው። ሰኔ 7 ቀን 2007 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድኑ ሌሶቶን 2 ለ 1 ያሸነፈው በዚሁ ሜዳ ነበር።

ከዚያ በኋላ ባሕር ዳር ለብሔራዊ ቡድኑ መልካም ገድ ያላት ከተማ ተደርጋ ታየች። ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮትዲቯር በዚህ ስታዲየም 2 ለ 1 ተሸነፈች። መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ማዳጋስካርን 4 ለ 0 አሸነፈች፤ ቡድኑም በካሜሩን ለሚደረገው የአፍሪካ ዋንጫ አለፈ። በጳጉሜን 2 ቀን ዚምባብዌ በመጨረሻ ደቂቃ በተገኘ ፍጹም ቅጣት ምት 1 ለ 0 ተረታች።

መጨረሻው ግን እንደ አጀማመሩ አልሆነም። መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ በባሕር ዳር 3 ለ 1 አሸንፋ ከሄደች በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ስታዲየሙ መስፈርቱን አያሟላም ሲል ፈቃዱን ነጠቀ። የተመልካቹ ቦታ ጣሪያ አልተሠራለትም፤ ሌሎች ሥራዎችም በጅምር ቀርተው ነበር። የአዲስ አበባ ስታዲየምም ቀደም ብሎ ታግዶ ስለነበር በአገሪቱ ለዓለም አቀፍ ጨዋታ የሚሆን ሜዳ ጠፋ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጋናን ያስተናገደችው ኢትዮጵያ ጨዋታውን ያደረገችው በጆሐንስበርግ ነው። በሰኔ ወር ግብፅን 2 ለ 0 ስታሸንፍም የ«ሜዳዋ» ጨዋታ የተካሄደው በማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር። ያ ድል በባሕር ዳር ቢሆን ኖሮ የሚለው ቁጭት በደጋፊው ዘንድ ለረጅም ጊዜ ሲነሣ ቆይቷል።

ያለ ሜዳ መጫወት

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የፕሪምየር ሊጉ አሠራር ተለወጠ። የሊጉ አክሲዮን ማኅበር የቴሌቪዥን ሥርጭት መብቱን ለአምስት ዓመት በ22.5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ለመልቲቾይስ ሸጠ። ጨዋታዎቹ በዲኤስቲቪ በቀጥታ እንዲተላለፉ ሲባል ክለቦቹ ሁሉ በአንድ ከተማ ተሰብስበው የተወሰኑ ሳምንታት ይጫወቱና ወደ ሌላ ከተማ ይዛወራሉ። ይህ አሠራር ለሥርጭቱና በወረርሽኙ ጊዜ ለቁጥጥር አመቺ ነበር። ለክለቦቹ ግን የመግቢያ ትኬት ገቢንና የሜዳ ባለቤትነትን አሳጣቸው፤ የሆቴል ወጪም ጨመረባቸው።

ባሕር ዳር ከአስተናጋጅ ከተሞች አንዷ በመሆኗ ክለቡ ለጥቂት ሳምንታትም ቢሆን በደጋፊው ፊት የመጫወት ዕድል ያገኝ ነበር። ደጋፊው ያንን ጊዜ ሲጠቀምበት የሚያሰማው ጩኸት በቴሌቪዥን ባዶ ሜዳ ማየት ለለመደው ተመልካች እንግዳ ነበር። በተለይ የፋሲል ከነማና የባሕር ዳር ግጥሚያ ልዩ ቦታ አለው። ሁለቱን ከተሞች የሚለየው መንገድ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ሐይቁም የሁለቱም ነው። ፋሲል በ2013 ዓ.ም. ከአማራ ክልል የመጀመሪያው የፕሪምየር ሊግ ሻምፒዮን ሲሆን በባሕር ዳር የነበረው ስሜት ደስታና ቅናት የተቀላቀለበት ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም።

በ2014 ዓ.ም. የቀድሞው የብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ አብርሃም መብራቱ ወደ ክለቡ መጣ። በትልቅ ስም የታጀበው ወቅት የተጠበቀውን አላመጣም፤ ቡድኑ በሰንጠረዡ ታችኛ አጋማሽ ቆየ። ያን ዓመት የወረዱት ጅማ አባ ጅፋር፣ ሰበታ ከተማና አዲስ አበባ ከተማ ነበሩ።

የ2015 ወቅትና አፍሪካ

ቀጣዩ ወቅት ሲጀምር አሠልጣኙ ደግአረገ ይግዛው ነበር። በስም ከአብርሃም ያነሰ ቢሆንም ቡድኑን ከመውረድ ሥጋት አውጥቶ ለዋንጫ አፎካከረው። ከፋሲል ከነማ የመጣው ተከላካይ ያሬድ ባየህ ለኋላው መስመር ልምድ ጨመረ። የሊጉ መክፈቻ ሳምንታት በባሕር ዳር መካሄዳቸውም ጠቅሞታል። ዋንጫውን ቅዱስ ጊዮርጊስ ወሰደ፤ ባሕር ዳር ሁለተኛ ሆነ። ከአምስት ዓመት በፊት በከፍተኛ ሊግ ለነበረ ክለብ ይህ የታሪኩ ትልቁ ውጤት ነው።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የመጀመሪያ ዙር የታንዛኒያውን አዛምን ገጠመ። አዛም የራሱ ስታዲየምና ጠንካራ ባለሀብት ያለው ክለብ ነው። ባሕር ዳር ግን ስታዲየሙ በካፍ ስላልተፈቀደ «የሜዳውን» ጨዋታ ያደረገው በአዲስ አበባ ነበር። እዚያ 2 ለ 1 አሸነፈ፤ በዳሬሰላም በተመሳሳይ ውጤት ተሸነፈ፤ በመለያ ምት ግን አለፈ። በሁለተኛው ዙር የቱኒዚያው ክለብ አፍሪካን አስወጣው። ሁለት ዙር ብቻ መሆኑ ሲታይ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አህጉራዊ ውድድር የገባ ክለብ አዛምን በደርሶ መልስ ማስወጣቱ በምሥራቅ አፍሪካ ትኩረት ስቧል።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ

ክለቡ የአፍሪካ ጨዋታውን ከማድረጉ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ መጨረሻ፣ በአማራ ክልል ግጭት ተቀሰቀሰ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ታወጀ። ባሕር ዳር ሊጉን ማስተናገዷ ቀረ። የ2016 ዓ.ም. ውድድር በአዳማ፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ተካሄደ። በዚህም ክለቡ ወቅቱን ሙሉ ከቤቱ ርቆ፣ ቤተሰቦቹ ያሉበትን ከተማ ዜና በስልክ እየተከታተለ ተጫወተ። የዚያ ዓመት ሻምፒዮን ከከፍተኛ ሊግ ገና ያደገው ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ መሆኑ የሊጉን ተለዋዋጭነት በድጋሚ አሳይቷል።

በመጋቢት ወር ከባድ ሐዘን ደረሰ። የክለቡና የብሔራዊ ቡድኑ የመሐል ሜዳ ተጫዋች አለልኝ አዘነ በአርባ ምንጭ ሕይወቱ አለፈ። ከዚህ ቀደም ለአርባ ምንጭ ከተማና ለሐዋሳ ከተማ ተጫውቷል።

ክለቡ በፕሪምየር ሊጉ መቆየቱን ቀጥሏል። የዋናውን ስታዲየም ግንባታ አጠናቆ የካፍን ፈቃድ መልሶ የማግኘቱ ሥራ በከተማው ሲነሣ የሚኖር ጉዳይ ነው። እስከዚያው ድረስ «የጣና ሞገዶቹ» በባለሜዳነት የሚመዘገቡባቸው ጨዋታዎች የሚካሄዱት ጣና በማይታይባቸው ከተሞች ነው።