ለሦስት የሚበቃ ፈቃድ

ከቆቦ ወደ ውጭ አገር መሄድ አዲስ ነገር አይደለም። የራያ ቆላ ወጣት በአፋር በረሃ አቋርጦ ጂቡቲ፣ ከጂቡቲ በጀልባ የመን፣ ከየመን ሳዑዲ ለመድረስ መሞከር ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። ደላላውም፣ በመንገድ የቀረውም፣ ተጠርዞ የተመለሰውም በየቀበሌው ይታወቃል። ይህ መንገድ ግን ሕፃን ላቀፉ ባልና ሚስት አይሆንም። ሁለቱም የእንግሊዝኛ መምህራን ከሆኑና ልጃቸው ገና ትምህርት ቤት ካልገባ፣ ቀጣሪ ማግኘቱ የጉዳዩ ግማሽ ብቻ ነው። ቀሪው ግማሽ ሦስቱንም የሚያኖር አገር ማግኘት ነው።

ፍላጎቱን ያናረው የኑሮ ስሌት ነው። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ የዶላር ዋጋ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። በብር የሚከፈለው መምህር ደመወዙን በዶላር መንዝሮ ሲያየው ዓይኑ ወደ ውጭ ቢያማትር አይፈረድበትም።

ኢትዮጵያ ራሷ በአንድ ወቅት እንዲህ ያሉ ባልና ሚስት መምህራንን ትቀበል ነበር። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከሕንድ፣ በተለይም ከኬረላ የመጡ መምህራን በአዲስ አበባና በየጠቅላይ ግዛቱ አስተምረዋል። የሐኪሙና የደራሲው የአብርሃም ቨርጊዝ ወላጆች ከእነዚህ መካከል ናቸው። ሁለቱም መምህራን ነበሩ፤ ልጃቸው እ.ኤ.አ. በ1955 አዲስ አበባ ተወለደ፣ እዚያው አድጎም የሕክምና ትምህርት ጀመረ። አብዮቱ ሲፈነዳ ትምህርቱን አቋርጦ ከአገር ወጣ። 

እ.ኤ.አ. በ1962 ደግሞ ከ270 በላይ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች ገብተው አብዛኞቹ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማስተማር ጀመሩ። የሰላም ጓድ ዛሬም ባልና ሚስትን አብሮ ይመድባል፤ ልጅ ይዞ መምጣትን ግን አይፈቅድም። ሕንዳውያኑ በውልና በደመወዝ ስለተቀጠሩ ቤተሰብ መሥርተው መኖር ችለዋል። ልጅ ላለው መምህር የሚያዋጣው የእነሱ ዓይነት ውል ነው።

ዛሬ በተቃራኒው አቅጣጫ ለመሄድ የሚነሳ ኢትዮጵያዊ መጀመሪያ የሚጋፈጠው የፓስፖርቱን ጉዳይ ነው። ደቡብ ኮሪያ ለቋንቋ መምህራን የምትሰጠው ኢ-2 ቪዛ፣ ለእንግሊዝኛ ሲሆን፣ በመሠረቱ ለሰባት አገሮች ዜጎች የተተወ ነው፦ ለአሜሪካ፣ ለብሪታንያ፣ ለካናዳ፣ ለአየርላንድ፣ ለአውስትራሊያ፣ ለኒውዚላንድና ለደቡብ አፍሪካ። ቻይናም በአብዛኛው እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ከሆነ አገሮች የሚመጡትን ትፈልጋለች። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ የውጭ መምህራንን የሙያ ብቃት በቀላሉ ለመቀበል በሯን ስታሰፋ ጋና፣ ናይጄሪያ፣ ደቡብ አፍሪካና ዚምባብዌ ከዝርዝሩ ገብተዋል፤ ኢትዮጵያ ግን የለችበትም። ከዘጠነኛ ክፍል እስከ ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ ተምሮ፣ በእንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው በእነዚህ አገሮች የሚመዘነው በቅድሚያ በዜግነቱ ነው።

ያም ሆኖ የተከፈቱ በሮች አሉ። ቅርቡ ጎረቤት ነው። ደቡብ ሱዳን እንግሊዝኛን የሥራና የትምህርት ቋንቋ አድርጋለች። በሶማሌላንድም፣ በተለይ በሐርጌሳ፣ ኢትዮጵያውያን መምህራን ለረጅም ጊዜ ሲሠሩ ኖረዋል። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2008 ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ለመዞር ስትወስን በአንድ ጊዜ እጅግ ብዙ እንግሊዝኛ የሚችል መምህር አስፈልጓታል። አሜሪካም ጄ-1 በሚባለው የልውውጥ ቪዛ ቢያንስ የሁለት ዓመት ልምድ ያላቸውን መምህራን ለሦስት ዓመት ትቀበላለች፤ ጊዜው እስከ አምስት ዓመት ሊራዘም ይችላል። የትዳር ጓደኛና ልጅ በጄ-2 ይከተላሉ፤ የትዳር ጓደኛ የሥራ ፈቃድ መጠየቅም ይችላል። የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በዚህ ቪዛ አጥብቀው የሚፈልጉት ግን የሒሳብ፣ የሳይንስና የልዩ ፍላጎት መምህራንን ስለሆነ፣ ለእንግሊዝኛ መምህር ፉክክሩ ከባድ ነው።

ባሕረ ሰላጤው ደግሞ የራሱ ሒሳብ አለው። በተባበሩት የዓረብ ኤምሬትስ አንድ ተቀጣሪ ቤተሰቡን በስሙ ለማስገባት በወር ቢያንስ 4,000 ድርሃም፣ ወይም ቤት ከተሰጠው 3,000 ድርሃም ማግኘት አለበት። ሳዑዲ ዓረቢያ ለእያንዳንዱ ጥገኛ የቤተሰብ አባል በወር 400 ሪያል ታስከፍላለች። ባል ብቻ ቢቀጠርና ሚስቱንና ልጁን ቢያስከትል ክፍያው በዓመት 9,600 ሪያል ነው። ሁለቱም በየራሳቸው ውል ከገቡ ግን ጥገኛ የሚሆነው ልጁ ብቻ ነው፤ ክፍያውም 4,800 ይሆናል። ሁለቱም መቀጠራቸው የሚጠቅመው ለደመወዙ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

ኢንተርናሽናል የሚባሉት ትምህርት ቤቶችም ይህን ያውቃሉ። ባልና ሚስት ሲቀጥሩ አንድ ቤት ተከራይተው ሁለት መምህር ያገኛሉ፤ ብዙዎቹም ለሠራተኛ ልጅ ነፃ ወይም ቅናሽ የትምህርት ቦታ ይሰጣሉ። ችግሩ ሁለቱም እንግሊዝኛ ብቻ የሚያስተምሩ ከሆነ ነው። አንድ ትምህርት ቤት በአንድ ዓመት ሁለት የእንግሊዝኛ ክፍት ቦታ ላይኖረው ይችላል። አንዳቸው የአፀደ ሕፃናት ወይም የአንደኛ ደረጃ ማስተማር ሥልጠና ቢጨምሩ ዕድላቸው ይሰፋል። በመስከረም አካባቢ ለሚጀምር ትምህርት አብዛኛው ቅጥር የሚካሄደው ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ክረምት ላይ ማመልከት መዘግየት ነው።

ከመፈረም በፊት መጠየቅ ያለባቸው ጥያቄዎች ጥቂትና ቀጥተኛ ናቸው። የልጁ የመኖሪያ ፈቃድ በማን ወጪ ይወጣል? የሕክምና መድኑ ልጁን ይጨምራል ወይ? የአውሮፕላን ትኬቱ ለሁለት ነው ለሦስት? ትምህርት ቤቱ ልጅ የሚቀበለው ከስንት ዓመቱ ጀምሮ ነው፣ እስከዚያስ የሞግዚት ወጪ ምን ያህል ነው? አንዳቸው ከሥራ ቢሰናበቱ የቀሪዎቹ ፈቃድ ምን ይሆናል? መልሱ በቃል ሳይሆን በውሉ ላይ መስፈር አለበት።

ሰነዱ ሌላ ጉዞ ነው። ኢትዮጵያ የውጭ አገር ሰነዶችን ማረጋገጫ የሚያቀልለው የሄግ አፖስቲል ስምምነት አባል ስላልሆነች፣ ዲግሪውም፣ የጋብቻ ማስረጃውም፣ የልደት ማስረጃውም በየመሥሪያ ቤቱ ተረጋግጦ፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አልፎ የተቀባዩ አገር ኤምባሲ ይደርሳል። ቆቦ ላለ ሰው ይህ ማለት ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ መመላለስ ነው። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ደግሞ የልጁ ወረቀት ነው። በወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሕግ ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ሕፃኑም የራሱ ፓስፖርት ያስፈልገዋል። ሰነዱ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የጠፋበት መምህር ምትኩን ለማውጣት ከቅጥሩ በፊት ብዙ ወራት መያዝ ይኖርበታል።

የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛን፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርትን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድንና የመድንን ወጪ በአሠሪው ላይ ጥሏል። ሠራተኛው የሚሸፍነው እንደ ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራና የሰነድ ማረጋገጫ ያሉትን ነው። ስለዚህ "የቪዛ ማስያዣ" ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ወይም በጎብኚ ቪዛ ግቡና እዚያ ይስተካከላል የሚል ሰው ሊታመን አይገባም። አደጋው ከገንዘብ ማጣት በላይ ነው። በየካቲት 2017 ዓ.ም. በምያንማር ድንበር ከሚገኙ የኦንላይን ማጭበርበሪያ ካምፖች ወጥተው ወደ ታይላንድ ከተሻገሩ 260 ያህል ሰዎች 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ወደ እነዚህ ካምፖች ብዙዎች የሚገቡት ጥሩ ሥራ አለ ተብለው ተታለው ነው፤ እንግሊዝኛ የሚችሉትም በተለይ ይፈለጋሉ።

መንግሥትም ሊሠራው የሚገባ አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ሩዋንዳ ከዚምባብዌ ጋር በመንግሥት ደረጃ ተስማምታ 154 መምህራንን ወስዳለች። ኢትዮጵያ ከዓረብ አገሮች ጋር ያደረገቻቸው የሥራ ስምምነቶች ግን በዋናነት የቤት ሠራተኞችን የሚመለከቱ ናቸው። የትምህርት ሚኒስቴርና የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ለመምህራን ተመሳሳይ ስምምነት ቢፈራረሙ፣ ቤተሰብ ይዞ መሄድንም በስምምነቱ ቢያስገቡ፣ መምህሩ ከደላላ ይገላገላል።

እስከዚያው ለመሄድ ያሰቡ ባልና ሚስት ሥራ ከማፈላለጋቸው በፊት የልጃቸውን የልደት ማስረጃና ፓስፖርት ያውጡ፣ ጋብቻቸውን ያስመዝግቡ፣ ዲግሪያቸውንም ያረጋግጡ። የሦስቱም ስም በግልጽ ያልተጻፈበት ውል ከመጣም አይፈርሙ።