ጓንቱን የተሰረቀው ሰውዬና የባዝ ፍል ውሃ

የእንግሊዟ ባዝ ከተማ የተቆረቆረችው በውሃዋ ምክንያት ነው። እዚያ በየቀኑ ከ1 ሚሊዮን ሊትር በላይ ሙቅ ውሃ ከመሬት ይፈልቃል፤ ሙቀቱም 46 ዲግሪ ገደማ ነው። እሳተ ገሞራ ያሞቀው እንዳይመስላችሁ! ከሺህ ዓመታት በፊት በሜንዲፕ ኮረብቶች ላይ የዘነበ ዝናብ ነው። በኖራ ድንጋዩ ስንጥቅ እየሰረገ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ እዚያ የምድር ሙቀት ያግለውና ተገፍቶ ተመልሶ ይወጣል።

ሮማውያን በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲደርሱ የአገሬው ሰው በምንጩ ዘንድ ሱሊስ የምትባል አምላክ ያመልክ ነበር። እነሱም ከራሳቸው ሚኔርቫ ጋር አዛምደው ሱሊስ ሚኔርቫ አሏትና ቤተ መቅደስ ሠሩላት። አጠገቡ ትልቅ መታጠቢያ ገነቡ። የገንዳው ወለል በ45 የእርሳስ ብረት ዝርግ ተነጥፏል፤ ያ እርሳስ ዛሬም ውሃ ይይዛል።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ከምንጩ ሥር የወጣው ነገር ነው። አርኪዮሎጂስቶች 130 ያህል ስስ የእርሳስ ዝርግ አገኙ፤ ብዙዎቹ ተጠቅልለው ወይም ተጣጥፈው ነበር። ሲፈቱ እርግማን ሆነው ተገኙ! ሰው ልብሱን አውልቆ ሲታጠብ ሌባ ይመጣል። የተሰረቀውም አቤቱታውን በላቲን ጭሮ ለአምላኳ ውሃው ውስጥ ይጥልላታል። ዶኪሜዲስ የተባለ ሰው ሁለት ጓንት ጠፍቶበት ሌባው አእምሮውንና ዓይኑን እንዲያጣ ጠየቀ። ዶኪሊያኑስ ደግሞ ባለቆብ ካባው ተወስዶበት ሌባውን እንቅልፍም ልጅም ትንሳው አለ። ሌባው ስለማይታወቅ ማንም እንዳያመልጥ ወንድም ይሁን ሴት፣ ባሪያም ይሁን ጨዋ እያሉ ይጽፉ ነበር። ስለ ሮማውያን ብሪታንያ ብዙ የምናነበው ስለ ጄኔራሎችና ስለ ግንብ ነው፤ ተራው ሰው በገዛ ቃሉ ሲናደድ የምንሰማው ግን እዚህ ነው።

ከተማዋ ሁለተኛ ዕድሜዋን ያገኘችው በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ሀብታሞች ለመታከም፣ ውሃውን ለመጠጣት፣ ለመደነስና ልጅ ለመዳር ይጎርፉ ነበር። የግብዣው ሥነ ሥርዓት አለቃ ቦ ናሽ ሰይፍ ታጥቆ መዞርን ከለከለ። ከ1767 እስከ 1774 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ደግሞ 30 ቤቶችን በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያጋጠመው ሮያል ክሬሰንት ተሠራ።

በ1978 ውሃው ውስጥ ገዳይ አሜባ ስለተገኘ በምንጩ ውሃ መታጠብ ቆመ። አዲስ ጉድጓድ ተቆፍሮ የዛሬው መታጠቢያ የተከፈተው በ2006 ነው። ዩኔስኮ በ2021 ከመዘገባቸው 11 ታላላቅ የአውሮፓ የፍል ውሃ ከተሞችም አንዷ ባዝ ናት።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ታሪክ አላት። አፄ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከ1936 እስከ 1940 የኖሩት እዚያ፣ ፌርፊልድ ሃውስ በሚባል ቤት ነው። የ«ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ»ን የመጀመሪያ ክፍል ያዘጋጁትም በዚያው ስደታቸው ነው። ቤቱን በ1958 ለከተማዋ ሰጡ፤ የባዝ አረጋውያንም ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ወደዚያ የምትሄዱ ከሆነ የሮማውያኑን መታጠቢያ ብቻ አይታችሁ አትመለሱ፤ የእርሳሶቹን ጽሕፈት ቀረብ ብላችሁ እዩ፣ ፌርፊልድ ሃውስንም ሳትጎበኙ እንዳትወጡ።